ያቀበለውስ ማን ነው?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከኳስ ሜዳ ስንመለስ ሁላችንም የምንጠያየቀው «ማን አገባ?» እያልን ነው። «ያቀበለውስ ማን ነው?» የሚል ከመካከላችን ጥቂት ነው። ይህን ልማዳችንን እንድንመረምር የሚያደርገንን የአንድ ስኮትላንዳዊ ተጫዋች ታሪክ ዛሬ ልናቀርብላችሁ ወደናል። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሌክስ ጄምስ በ1901 ዓ.ም. በላናርክሻየር፥ ሞስኤንድ በምትባል የሠራተኞች መንደር ተወለደ። ቁመቱ አጭር፥ ቁምጣው ግን እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ሰፊ ነበር። በሬዝ ሮቨርስ ከተጫወተ በኋላ በ1925 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ለፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ከ50 የሚበልጡ ጎሎች አገባ። ማርች 31 ቀን 1928 ስኮትላንድ በዌምብሌ እንግሊዝን 5 ለ 1 ስታሸንፍም ሁለቱ ጎሎች የእርሱ ነበሩ።

በ1929 አርሰናል በ8,750 ፓውንድ ገዛው። ገንዘቡ የተከፈለው ለፕሬስተን ነው፤ ለተጫዋቹማ ከሳምንት 8 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈል ደንቡ ይከለክል ነበር። ስለዚህ በሰልፍሪጅስ መደብር ተጨማሪ ሥራ ተፈለገለት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ከደመወዙ ይከብዳል። በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ተሻሽሎ፥ በአጥቂው ፊት መገኘት የሚገባቸው ተቃራኒ ተጫዋቾች ከ3 ወደ 2 ዝቅ ብለው ነበር። አጥቂዎች ስለ በረቱ፥ የአርሰናል አሠልጣኝ ሄርበርት ቻፕማን የመካከሉን ተጫዋች ወደ ኋላ ስቦ ተከላካይ አደረገው። የሜዳው መካከል ሳሳ። ያን ክፍተት እንዲሞላ፥ ኳሱን ከተከላካዮች ተቀብሎ በክንፍ ለሚሮጡት ለባስቲንና ለሂዩም እንዲያደርስ የታዘዘው ጄምስ ነው። ጎል አግቢ የነበረን ሰው «ጎሉን ለሌላው ተው» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት በሊጉ አልቀናቸውም፤ ቡድኑ 14ኛ ወጣ።

ነገር ግን በዚያው የጨዋታ ዘመን፥ በ1930 የዋንጫ ፍጻሜ፥ ጄምስ ቅጣት ምቱን ፈጥኖ ለባስቲን አቀበለ፤ ባስቲንም መልሶ ሰጠው፤ ጄምስ አገባ። አርሰናል ሀደርስፊልድን 2 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ቡድኑ በ1931፥ በ1933፥ በ1934ና በ1935 የሊጉ አሸናፊ ሆነ፤ በ1936 ጄምስ አምበል ሆኖ ዋንጫውን ደገሙት። በ1937 ጫማውን ሰቀለ፤ በ1953 ዐረፈ።

ጓደኞቻችን፤ ጄምስ ለአርሰናል በ231 የሊግ ጨዋታዎች ያገባው 26 ብቻ ነው። ጎል ብቻ የሚቈጥር ሰው ይህን አይቶ «ደከመ» ይለዋል፤ አራቱን የሊግ ድሎች የሚያስታውስ ግን እንዲህ ለማለት አይደፍርም። እኛስ በሜዳም ሆነ በማኅበራችን ሥራ ሁላችን ከጎሉ አፍ ቆመን ኳስ ስንጠብቅ አይደለምን? መካከሉን ማን ይሙላው? በሚመጣው ቅዳሜ ከሜዳ ስንመለስ ቢያንስ ያቀበለውን እንጠይቅ።