ዕባጩን ሳንለይ መድኃኒት አንጨምር
(በባሕር ዓሣ ቆዳ ላይ ስለሚወጡ ዕባጮች ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በመስተዋት ገንዳ ውስጥ በሚኖር የባሕር ዓሣ ቆዳ ላይ ዕባጭ በወጣ ጊዜ አሳዳጊው ማድረግ ስለሚገባው ነገር ነው። እኛ በይበልጥ የምናውቀው የጣናንና የዝዋይን ዓሣ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከኑሮአችን የራቀ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሕያው ፍጥረትን በአራት መስተዋቶች መካከል ያኖረ ሰው፥ የትም አገር ቢሆን፥ ታላቅ ኃላፊነት ተቀብሏል። ዓሣው ታመምሁ ብሎ አይናገርም፤ ውኃው ቢበላሽም ሸሽቶ የሚሄድበት ባሕር የለውም። ሞቱም ሆነ ሕይወቱ በጠባቂው እጅ ነው።

አሳዳጊው ዕባጭ ባየ ጊዜ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ወደ ሱቅ ይሮጥና ያገኘውን መድኃኒት አምጥቶ ከገንዳው ይጨምራል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፥ ጉዳቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ችኮላ ነው። በዚህ ጉዳይ ዓይን በሁለት መንገድ ያታልላል። አስፈሪ መልክ ያለው ዕባጭ ብዙውን ጊዜ የማይገድል ሲሆን፥ የሚናቀው ጥቃቅን ነጥብ ግን ገንዳውን በሙሉ ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በብዛት የሚታዩትን ሦስቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ሊምፎሲስቲስ ይባላል። በ1874 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአውሮፓ ባሕር በሚገኝ ጠፍጣፋ ዓሣ ላይ ታይቶ ተጽፏል፤ በ1914 ደግሞ ቫይሰንበርግ የተባሉት ተመራማሪ ምክንያቱ ቫይረስ መሆኑን አመለከቱ። ቫይረሱ ከቆዳው ሕዋሳት ውስጥ ይገባና ከመጠን በላይ ያሳብጣቸዋል፤ አንዱ ሕዋስ ብቻውን ያለ ማይክሮስኮፕ እስኪታይ ድረስ ያድጋል። እነዚህ ሕዋሳት በተከማቹ ጊዜ ኪንታሮት ወይም የአበባ ጎመን ይመስላሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከክንፍ ጫፍ ነው። መልኩ ቢያስጠላም ዓሣው ይበላል፥ ይዋኛል፤ ዕባጩ አፉን ወይም ስንጥቡን ካልዘጋበት በቀር ብዙውን ጊዜ አይሞትም።

ሁለተኛው የባሕር ነጭ ነጥብ በሽታ ነው። ይህን የሚያመጣው አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ጥገኛ ተባይ ነው። በ1937 ሲካማ የተባሉት ጃፓናዊ ስለ በሽታው ጻፉ፤ በ1951 ደግሞ ተባዩ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚል ስም ተሰጠው። ነጥቡ የጨው ቅንጣት ያህላል። ተባዩ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ያህል ከተመገበ በኋላ ከዓሣው ላይ ይወርድና ከገንዳው አሸዋና ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። በዚያም በሽፋን ተጠቅልሎ ይራባል፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላም ከአንዱ በመቶ የሚቈጠሩ ልጆች ወጥተው ዓሣ ይፈልጋሉ።

ጓደኞቼ፥ ትልቁ ማታለያ እዚህ ላይ ነው። ተባዩ ወርዶ ነጥቡ በጠፋ ጊዜ አሳዳጊው ዓሣው ዳነ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በሽታው እጅግ በዝቶ ይመለሳል። በመጀመሪያ አምስት ነጥብ የነበረበት ዓሣ ገላው በሙሉ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ስንጥቡም ስለሚጐዳ መተንፈስ አቅቶት ይሞታል።

ሦስተኛው አሚሉዲኒየም የሚባል ሌላ ጥገኛ ተባይ የሚያመጣው ነው። ይህ ከነጥብም ይልቅ የደቀቀ፥ ወርቃማ ቀለም ያለው አቧራ ይመስላል። ከሁሉ የፈጠነ ገዳይ ስለ ሆነ፥ አቧራው በግልጽ ሳይታይ ዓሣው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

እንግዲህ እነዚህን ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንደኛ፥ ዕባጩ እንደ ኪንታሮት የተከማቸ ነው ወይስ የተበታተነ ነጥብ? ሁለተኛ፥ ለሳምንታት ከቦታው ሳይነቃነቅ ይቈያል ወይስ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠፍቶ በሌላ ስፍራ ይወጣል? ሦስተኛ፥ ዓሣው ይበላልን? ትንፋሹስ የተረጋጋ ነውን? ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፥ ገላውን ከድንጋይ ጋር የሚያሻሽ፥ ምግብ የተወ ዓሣ በአብዛኛው ተባይ ይዞታል። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ከቆዳው ልጋግ ጥቂት በጥንቃቄ ወስዶ ቢመለከት ግምቱ ወደ እውቀት ይለወጣል።

ወደ ሕክምናው እንለፍ። ለሊምፎሲስቲስ የሚሆን መድኃኒት የለም፤ የሚረዳው ንጹሕ ውኃ፥ ጥሩ ምግብና ዕረፍት ነው። የሚያባርሩት ዓሦች ካሉ መለየት፥ ውኃውን በየጊዜው በከፊል መለወጥ ይገባል። ዕባጩ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ ይወድቃል። ይህን ዓሣ በመዳብ መድኃኒት ማስጨነቅ ቫይረሱን አይገድልም፤ የዓሣውን የመከላከል ኃይል ግን ያደክማል።

ለሁለቱ ተባዮች ግን ዝም ብሎ መጠበቅ ሞትን መጠበቅ ነው። ዓሦቹ በሙሉ ወደ ሌላ ማከሚያ ገንዳ ይዛወሩ። የተለመደው መድኃኒት መዳብ ነው፤ ያልተጣመረው መዳብ በአንድ ሊትር ውኃ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም ሆኖ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቈያል። ከዚህ ካነሰ ተባዩን አይገድልም፤ ከበዛ ዓሣውን ይገድላል፤ ስለዚህ በየቀኑ ይለካ። የተጣመረ መዳብ መጠኑ ስለሚለይ የጠርሙሱ መመሪያ ይነበብ። መዳብ ኮራልን፥ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ስለሚፈጅ ከዋናው ገንዳ ከቶ አይጨመርም።

ለነጭ ነጥብ ሌላም መንገድ አለ። ከቀይ ባሕር ዳር በኤላት ሆነው በእርባታ ዓሣ ላይ የሠሩት አንጀሎ ኮሎርኒ በ1985 እና በ1987 ባወጡት ጽሑፍ የውኃውን ጨው መቀነስንና ዓሣውን በየሦስት ቀኑ ወደ ንጹሕ ገንዳ ማዛወርን መርምረዋል። ማዛወሩ የሚረዳው የወረደው ተባይ ልጆቹን ሳያወጣ በአሮጌው ገንዳ ስለሚቀር ነው። ዋናው ገንዳም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያለ ዓሣ ይቈይ፤ ዓሣ ያላገኙት ልጆች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታሉና።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አዲስ የተገዛን ዓሣ ለአንድ ወር ያህል ለብቻው አቈይቶ መመልከት ነው። ለአንድ ተጨማሪ ገንዳ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከሚመጣው ጸጸት ይቀላል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ዝምተኛ ፍጥረትን የሚጠብቅ ሰው በመጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት ትዕግሥት ያለበት ትኵረት ነው። ነጥቡ ስለ ጠፋ ዓሣው ዳነ አንበል፤ ዕባጩ ስላስፈራንም መርዝ አንጨምርበት።