ልጅ የዘገየባቸው ባለትዳሮችና የአልትራሳውንድ ምርመራ

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ በአንዲት የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም የቀረበ ንግግር)



ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ችግራቸውን አስቀድመው የሚገልጹት ለሐኪም ሳይሆን ለንስሐ አባታቸው ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴም ትዳሩ ሊፈርስ ሽማግሌ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ዛሬ ስለ አንድ ምርመራ በዝርዝር ልነግራችሁ የመጣሁትም ያቺ ሴት «ሂጂ» ወይም «ቆዪ» የምትባለው በእናንተ ደጅ ስለ ሆነ ነው።

«መካን» የሚለውን ቃል ምርመራዋን ላልጨረሰች ሴት ባንጠቀምበት እመርጣለሁ። በሕክምናው ልማድ ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አብረው ኖረው በ12 ወር ውስጥ ጽንስ ካልተገኘ ምርመራ ይገባቸዋል። ሴቲቱ 35 ዓመት ካለፋት 6 ወር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1 ያህሉን በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ያገኘዋል። እንግዲህ በየአጥቢያችሁ ስንት ቤት እንደሚሆን ገምቱት።

አልትራሳውንድ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። መሣሪያው ድምፁን ወደ ሰውነት ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውን የገደል ማሚቶ ወደ ሥዕል ይለውጣል። በግላስጎው ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1958 እ.ኤ.አ. የምርምር ውጤታቸውን ካሳተሙ ወዲህ በማኅፀንና ጽንስ ሕክምና እየተስፋፋ መጥቷል። ማኅፀን ያደርቃል የሚሉ አሉ፤ መሠረት የለውም።

ምርመራው በሁለት መንገድ ይደረጋል። አንዱ ከእርግዝና ክትትል የምታውቁት ነው፤ ሴቲቱ ውኃ ጠጥታ የሽንት ፊኛዋ ሲሞላ ሆዷ ላይ ጄል ተቀብቶ ይታያል። ለልጅ መዘግየት የሚመረጠው ግን በብልት በኩል የሚደረገው ነው። ለዚህኛው ፊኛው ባዶ መሆን አለበት። ሴቲቱ ከወገቧ በታች በአንሶላ ተሸፍና ትተኛለች፤ ወፈር ያለ ጣት የመሰለ መሣሪያ አዲስ ሽፋን ለብሶ፣ ጄል ተቀብቶ ቀስ ብሎ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ አያልፍም። የመጫን ስሜት አለው፤ ካመማት «ይብቃ» ማለት መብቷ ነው።

ብዙዎቹ የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው እንደሚገባ ሲነገራቸው ደንግጠው ነጠላቸውን ሰብስበው ይወጣሉ፤ ባሎቻቸው የሚከለክሏቸውም አሉ። ከዚያም ወደ እናንተ መጥተው «አባቴ፣ ነውር አይሆንም? ኃጢአት አይሆንብኝም?» ይላሉ። ስለ ሥርዓቱ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁና እኔ በዚያ አልገባም። ከሕክምናው ወገን ግን ይህን ልትነግሯቸው ትችላላችሁ፦ ሴት መርማሪ እንድትሆንላት መጠየቅ ትችላለች፤ ካልተገኘችም ሴት ነርስ ወይም የቅርብ ዘመዷ አጠገቧ እንድትቆም ትጠይቅ፤ ፈቃዷን ሳትሰጥ ምርመራው ሊደረግ አይገባም። ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ እንደ ሰከረች ቈጥሯት እንደ ነበረ፣ ልቧን ከገለጠችለት በኋላ ግን በሰላም እንደ ሸኛት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ወደ እናንተ የምትመጣውም ሴት ነገሩን እስክትጨርስ ድረስ መደመጥ ትፈልጋለች።

በሥዕሉ ላይ የማኅፀኑ ቅርጽ፣ የውስጠኛው ግድግዳ ውፍረት፣ ማዮማ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ማዮማ ተገኘ ማለት የግድ ቀዶ ሕክምና ማለት አይደለም፤ ይበልጥ የሚያሳስበን ወደ ማኅፀኑ ውስጥ ገፍቶ የገባው ነው። እንቁላል የሚይዙት ጥቃቅን ከረጢቶችም ይቈጠራሉ። ከእነርሱ አንዷ በቀን 2 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገች 20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ትፈነዳለች፤ እንቁላሉም ይወጣል።

የማይታየውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ተራው አልትራሳውንድ ጤነኛውን የማኅፀን ቱቦ አያሳይም፤ ቱቦው ክፍት ይሁን ዝግ አይናገርም። ካልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ከሚመጣ ኢንፌክሽን የሚከተለው የቱቦ መዘጋት ደግሞ በአፍሪካ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። ከየክሊኒኩ አምስትና ስድስት የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ሴቶች አሉ፤ ሁሉም «ደኅና ነው» ይላል፤ ቱቦው ግን አንድም ቀን አልታየም። ይህን ለማየት በማኅፀን በር በኩል በቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ይገባል፤ አካሄዱ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም ለጥቂት ደቂቃ ሊሰማት ይችላል።

አሁን ስለ ቀጠሮ። ቀጠሮው የሚቈጠረው የወር አበባ ከመጣበት ዕለት ነው፤ ያ ዕለት አንደኛው ቀን ይባላል። የገጠር እናቶች ቀኑን በበዓላት ስለሚይዙ እኔም እንዲሁ እቈጥርላቸዋለሁ። በገብርኤል ከመጣ፣ የመጀመሪያው ምርመራ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን፣ ማለትም ከገብርኤል ማግስት እስከ ጊዮርጊስ ይደረጋል። የቱቦው ምርመራ ደሙ ከቆመ በኋላ ከተክለ ሃይማኖት እስከ አማኑኤል ባለው ጊዜ ይሆናል። የከረጢቷን እድገት መከታተልም በአማኑኤል አካባቢ ይጀመራል። የመጀመሪያው ምርመራ ደም እየፈሰሰ የሚደረግ በመሆኑ ሴቶች አፍረው ይቀራሉ። ለእኛ ነውር አይደለም፤ ትክክለኛው ጊዜ እርሱ ነው። ሱባኤ ልትገባ ወይም ጸበል ልትጠመቅ የምትሄድ እኅት ካለች ቀጠሮዋን ጠይቋት፤ ቀኑ ካለፈ አንድ ወር ሙሉ ትጠብቃለችና።

ከሁሉ የሚከብደኝ የባሎች ነገር ነው። ከወንዱ ወገን ያለው ምክንያት፣ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ጋር ተደምሮ፣ ወደ ግማሽ ይጠጋል። የእርሱ የመጀመሪያ ምርመራ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሽ መስጠት ብቻ ነው፤ ምንም መሣሪያ አይገባበትም። ሆኖም ሚስቱ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትመላለስ እርሱ ቤት ተቀምጦ ሌላ ሚስት ይታጭለታል። ባል ሳይመረመር በልጅ ምክንያት ለፍቺ የሚመጣ ጉዳይ ሲገጥማችሁ፣ አስቀድማችሁ የእርሱን የላቦራቶሪ ውጤት ብትጠይቁ ብዙ ትዳር ይቈያል ብዬ አምናለሁ።

የሰበካ ጉባኤ ለችግረኛ የመጓጓዣና የምርመራ ወጪ መርዳት ቢፈልግ መልካም ነው። ነገር ግን በቃለ ጉባኤ ላይ «ለሕክምና» ተብሎ ይጻፍ፤ ምክንያቱ አይዘርዘር። በዐውደ ምሕረት የተነገረ የሴት ምስጢር አይመለስም። ተጨማሪ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ወደዚያ የሚሄዱ ባልና ሚስት እስካሁን ያገኙትን ውጤት ሁሉ፣ የባልየውን ጨምሮ፣ ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄዎቻችሁን ስም ሳትጽፉ በወረቀት አድርጋችሁ በበሩ ወዳለው ሣጥን ጨምሩልኝ፤ ከሻይ በኋላ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።