ከተሰበረ አጥንት ውስጥ ስለሚገባው ብረት
(ለደጋፊ ጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እኔ በቀዶ ጥገና ክፍል የምሠራ ነርስ እንጂ ተናጋሪ አይደለሁም። ንግግሬ ቢያነክስ ታገሡኝ። ከእናንተ አንዱ፣ «የምናዋጣው ገንዘብ ለእህልና ለውሃ ጉድጓድ መሆኑ ይገባናል፤ ለብረት ዘንግና ለብሎን የሚወጣው ግን ከርዳታ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ሲል ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በእርሱ እጀምራለሁ።

አንድ ገበሬ በሰኔ ወር ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ። የተወሰደበት ሆስፒታል ዘንግ ስላልነበረው፣ ከጉልበቱ በታች ባለው አጥንት ውስጥ ሽቦ ተሻግሮ፣ ክብደት በገመድ ታስሮበት፣ እግሩ እየተጎተተ በጀርባው ተኛ። ከሁለት ወር በላይ አልተነሣም። ሚስቱ ልጆቹን ለጎረቤት ትታ አስታማሚ ሆነች። የእርሻው ወራት አለፈ፤ አንዱ በሬ ተሸጠ። አጥንቱ በመጨረሻ ገጠመ፤ ነገር ግን እግሩ አጥሮ፣ ጉልበቱም አልታጠፍ ብሎ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት እህል ከሚታደላቸው ቤተሰቦች መዝገብ ላይ ስሙን አገኘሁት።

ቅልጥም ሰብሮ መቅኔውን የመጠጠ ሁሉ ረጅም አጥንት ውስጡ ክፍት መሆኑን ያውቃል። ጌርሃርድ ኩንቸር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የተጠቀመው በዚሁ ክፍተት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939፣ ኪል በተባለችው ከተማ፣ ረጅም የብረት ዘንግ በጭን አጥንት መቅኔ ውስጥ አስገብቶ ስብራቱን አጋጠመ። ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አላመኑበትም ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ከጀርመን ምርኮ የተመለሱ ወታደሮች በጭናቸው ውስጥ ዘንግ ይዘው ሲራመዱ የገዛ አገራቸው ሐኪሞች አይተው ተደነቁ።

የመጀመሪያው ዘንግ አንድ ጉድለት ነበረበት። አጥንቱ ብዙ ቦታ ሲደቅ፣ ዘንጉ ብቻውን መዞርንና ማጠርን አይከለክልም። ስለዚህ ከላይና ከታች አጥንቱንና ዘንጉን አቋርጦ የሚያልፍ ብሎን ተጨመረበት። ያን ጊዜ አጥንቱ አይዞርም፤ አያጥርም፤ ሕመምተኛውም በጥቂት ቀናት ውስጥ በምርኩዝ ይነሣል። ብረቱ አጥንቱን አያድንም። አጥንት ራሱን በራሱ ያድናል፤ ይህም ወራት ይፈጃል። ብረቱ የሚያደርገው ያ እስኪሆን ድረስ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው።

ችግሩ ያለው ከታችኛው ብሎን ላይ ነው። ሐኪሙ በጭኑ ሥጋ ውስጥ የተሰወረውን የዘንግ ቀዳዳ እንዴት ያገኘዋል? ሀብታም ሆስፒታሎች ራጅን በኦፕራሲዮን መካከል እንደ ሲኒማ የሚያሳይ መሣሪያ አላቸው። ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ መብራት ሲጠፋም አይሠራም። በቬትናም ጦርነት ሐኪም ሆኖ ያገለገለው አሜሪካዊው ሉዊስ ዘርክል በ1999 ሳይን የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው እንደዚህ ያለ መሣሪያ ለሌላቸው ሆስፒታሎች ነው። የሳይን ዘንግ ከጫፉ ላይ ከጭኑ ውጭ የሚሄድ የብረት ክንድ ይታሰርበታል። የክንዱ ቀዳዳ ከውስጡ ቀዳዳ ትክክል ስለሆነ፣ ሐኪሙ በዚያ በኩል አጥንቱን ሰርስሮ፣ የዘንጉን ቀዳዳ በቀጭን መሣሪያ ዳስሶ ያገኛል። መቅኔው ያለበትም ክፍተት በእጅ በሚዞር መሣሪያ ይሰፋል። በእኛም አገር በጥቁር አንበሳና በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታሎች ይህ ዘንግ ሠርቷል።

ሕመምተኞች ሁልጊዜ፣ «ብረቱ ይዝጋል ወይ? መቼስ ይወጣል?» ይሉኛል። የማይዝግ ብረት ነው፤ ችግር ካላመጣ ዕድሜ ልክ ቢቀመጥ ጉዳት የለውም።

ሆኖም ዘንግ ለሁሉ አይሆንም። የሕፃናት ስብራት አብዛኛው ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል። ንጽሕናው ባልተጠበቀ ክፍል የገባ ብረት ደግሞ አጥንትን አመርቅዞ ለዓመታት መግል ያስወጣል። ስለዚህ «ዘንግ ግዙልን» የሚል ደብዳቤ በደረሳችሁ ጊዜ፣ መሣሪያ የሚቀቀልበት ዕቃ፣ ውሃና የሠለጠነ ሰው መኖሩን ጠይቁ። መጠየቃችሁ ለጋስ አለመሆን አይደለም።

አሁን ስለ ወጌሻ ልናገር፤ በዚህ ላይ ዝም ብል ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ወጌሻን አላንቋሽሽም። ገጠር ውስጥ ከሰው አጠገብ የሚገኘው እርሱ ነው፤ እጁም ብዙ ወለምታ አድኗል። የሚያስፈራኝ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ነው። የተሰበረ እግር ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም፤ ደምም መሄጃ ያጣል። ደም ያጣ ሥጋ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ መሞት ይጀምራል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ መልካቸው ከጠቆረ፣ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰ፣ ማሰሪያውን በዚያው ሰዓት ፍቱ። በዚህ ምክንያት የተቆረጡ እግሮችን በእጄ ተሸክሜ ከክፍሉ አውጥቻለሁ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የልጆች ነበሩ። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ደግሞ ወደ ውስጥ አትግፉት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አድርሱት። የጉባኤ ሽማግሌዎች ከየአካባቢያችሁ ወጌሾች ጋር ቁጭ ብላችሁ ይህን ብትነጋገሩ እኔ ከምናገረው ይልቅ ይሰማል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ልመና አለኝ። ሳይን ለድሆች የሚሆነውን ዘንግ የሚተካው ሐኪሙ የራጁን ሥዕልና የሕመምተኛውን ሁኔታ ሲልክለት ነው። በዚያ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ ዳኛው ሰው ተመልሶ መጥቶ ቁጢጥ ሲል የተነሣው። ቁጢጥ ያለ ሰው ዳሌውም ጉልበቱም ይታጠፋል፤ ሸክምም ይችላል ማለት ነው። ብዙዎቹ ግን የአውቶቡስ ገንዘብ ስለሌላቸው በቀጠሯቸው ቀን አይመጡም። ቁስሉ ያመረቀዘበት ሰው እንኳ ቤቱ ይቀመጣል። በሚቀጥለው በጀታችሁ ውስጥ ለሕመምተኛው መምጫ ብቻ ሳይሆን፣ ለቀጠሮው ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ለሁለት ሰው፣ ለእርሱና ለአስታማሚው፣ አንድ መስመር ጻፉልኝ።