የችግኝ መሸጫው በጥንቃቄ ይከፈት
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ጥቅምት የችግኝ መሸጫው የተዘጋው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ፀረ-ተባይ መርዝ በውሃ ፕላስቲክ እየተቀነሰ ሲሸጥ ተገኘ፤ አንድ ሕፃንም ውሃ መስሎት ወደ አፉ ሊያስጠጋው ሲል እናቱ ደርሳ ነጠቀችው። ያን ያየ ሰው «ይዘጋ!» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ይሁንና ግንቦት ተጋመሰ። የጎመን ዘር መደብ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ለመተከል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ዛሬ ካልተዘራ ክረምቱ እንዲሁ ያልፍብናል ማለት ነው። የጎመንና የቆስጣን ዋጋ ደግሞ ከገበያ የምትመለሱት እናቶች ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ በተነሣ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የችግኝ መሸጫዎች ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከሌሎች ሱቆች ጋር ተዘግተው ነበር። ጊዜው የእነሱ ዋና የመትከያ ወቅት ስለነበር ብዙ ተክል ሳይሸጥ ተጣለ። ግንቦት 5 ሲከፈቱ በሽታው ገና አልጠፋም ነበር፤ ነገር ግን ሥራው በአብዛኛው ገላጣ ቦታ ላይ የሚካሄድ በመሆኑ ሕዝቡ ተራርቆ እንዲገበያይ ተደርጎ ተከፈቱ። የእኛ አደጋ ሌላ ነው፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው እንላለን። አደጋውን ከችግኙ እንለየው።

ስለዚህ በመጀመሪያ መርዝ የሚባል ነገር ከግቢው ይውጣ። ለጓሮ ጎመን ምን ያደርጋል? ክሽክሽ ቢወጣበት የሳሙና ውሃ በቅጠሉ ጀርባ ረጭቶ፣ ጥቂት ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለተኛው የውሃው ጉዳይ ነው። የአቃቂ ወንዞች በፋብሪካና በቤት ፍሳሽ መበከላቸው በጥናት በተደጋጋሚ ታይቷል። እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያለው ብረት ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ማጠብም ሆነ መቀቀል አያወጣውም። «ወንዙ ቅርብ ነው፣ ውሃውም ነፃ ነው» የምትሉ አላችሁ፤ በዚህ ላይ አንስማማም። መደቡ የሚጠጣው ከቧንቧ ወይም ከጣራ የተጠራቀመ ውሃ ይሁን።

ግቢ የለንም የምትሉ፣ ጎመን እኮ በጆንያም ይበቅላል! አፈርና ብስባሽ ሞልቶ በረንዳ ላይ ማቆም ነው። የታች የታቹ ቅጠል እየተቀነጠሰ ጫፉ ካልተነካ ለወራት ይበላል። ካሮት ግን መዛወር አይወድም፤ ዘሩን ወስዳችሁ እዚያው ቦታው ላይ ዝሩት። ቲማቲም ለምትጠይቁን፣ በክረምት ዝናብ ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ ስለሚይዘው እስከ መስከረም ብትታገሡ ይሻላል።

ከተስማማችሁ ቅዳሜ ጠዋት ይከፈታል። ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሆናል፤ ሕፃናት ያለ አሳዳጊ አይገቡም። ችግኝ የምትፈልጉ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ባዶ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ግን ከበር ይመለሳል።