ከፎቶው በኋላ ክላሹ የት ገባ?

(ድሬዳዋ ደቻቱ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር። ቪዲዮው ለከበዳችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል። አንብቡት፣ ሼር አድርጉት።)

ሙቀቱን እያየሁ ቶሎ እለቃችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ አቦ።

በቀጥታ ልግባ። ስልካችሁን ክፈቱና ዜና እዩ። «ይህን ያህል ክላሽንኮቭ፣ ይህን ያህል ሽጉጥ፣ ይህን ያህል ጥይት በቁጥጥር ስር ዋለ» የሚል ዜና አታጡም። ፎቶውንም ታውቁታላችሁ። መሬት ላይ የተደረደረ ጠመንጃ፣ ከኋላው የቆመ ፖሊስ። ከዚያ እኛ ምን እናደርጋለን? ግማሻችን «ጎበዝ!» እንላለን። ግማሻችን «የእነ እገሌን ብቻ ነው የሚያስፈቱት» ብለን ኮሜንት ላይ ስንሰዳደብ እናመሻለን። ከሁለታችንም ወገን ግን «ያ መሣሪያ ከፎቶው በኋላ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ተቃጠለ? መጋዘን ገባ? ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጠ? ፍርድ ቤት ነፃ ላለው ባለቤት ተመለሰ? ወይስ በጓሮ በር ወጥቶ እንደገና ገበያ ላይ ዋለ? ፎቶው ይህን አይነግረንም። የሚነግረን መዝገቡ ነው። መዝገቡ ደግሞ የሕዝብ ነው፤ ይህን ስል ከኪሴ አውጥቼ አይደለም፣ ሕጉ ነው የሚለው።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው ሕግ ልበል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታህሳስ 30 ቀን 2012 አንድ አዋጅ አጸደቀ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ ማዘዋወር ወንጀል ነው። ፈቃዱን የመስጠትና የመቆጣጠር ሥራ በዋናነት ለፌዴራል ፖሊስ ተሰጥቷል። መሣሪያ መያዝ የቆየ ልማድ የሆነባቸው አካባቢዎች እንዳሉም አዋጁ ያውቃል።

እኔ ቁጥጥሩን አልቃወምም፤ ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ። የ2011ን የጥምቀት ማግስት ድሬ ታስታውሳለች። የ2012ን ጥቅምትም እንደዚሁ። ሰፈር ከሰፈር በድንጋይ ሲወራወር ያየ ሰው፣ በድንጋዩ ፋንታ ጥይት ቢሆን ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር አይጠፋውም። መሣሪያ እንደ ሸቀጥ በኮንትሮባንድ የሚገባበት ከተማ ለማንም አይበጅም።

ግን ደግሞ ጠመንጃ ለኢትዮጵያዊ ዝም ብሎ ዕቃ እንዳልሆነ እናውቃለን። ታሪኩ እዚሁ ከባቡሩ ጋር የተያያዘ ነው። ከጂቡቲ ወደብ በሐዲድ የሚመጣው መሣሪያ በእኛ ከተማ ያልፍ ነበር፤ ይለፍ አይለፍ ብለው የሚወስኑት ግን ወደቡን የያዙት ነጮች ነበሩ። ነሐሴ 1922 ላይ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ከኢትዮጵያ ጋር ፓሪስ ላይ ስለ መሣሪያ ማስገባት ውል ተፈራረሙ። አምስት ዓመት ሳይቆይ ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን እኮ የራሱ ፋብሪካ ነበረው! የተከለከልነው እኛ ነን። እንግዲህ የገጠር አባት «መሣሪያህን አስመዝግብ» ሲባል ፊቱ የሚጠቁረው ሽፍታ ስለሆነ አይደለም። ከኋላው ይህ ሁሉ ትዝታ አለ። ያንን አባት በማስፈራራት ብቻ አታሳምነውም። «ያስረከብኸው መሣሪያ ይኸው እዚህ ገብቷል፣ ማስረጃው ይኸው» ስትለው ነው የሚያምንህ።

ሁለተኛው ሕግ ዛሬ ይዣችሁ የመጣሁት ነው። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000። ብዙ ሰው የጋዜጠኞች ሕግ ይመስለዋል። የሚዲያው ክፍል በ2013 በወጣው አዲሱ የሚዲያ አዋጅ ተተክቷል፤ መረጃ የማግኘት መብት የሚለው ክፍል ግን አልተነካም። እሱ ደግሞ «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። ጋዜጠኛ አይልም፣ ዲግሪ ያለው አይልም። ቀፊራ ጉሊት ላይ የምትቸረችር እናትም፣ ታይዋን ገበያ ቻርጀር የሚሸጥ ልጅም ማመልከቻ ጽፎ የመንግሥትን መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ያነሳል።

ጥያቄው የሚገባው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። አልሰጥም ካለ ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ቅር ካላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። መንገዱ ረጅም ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን መንገድ ነው።

አሁን አንዱ በልቡ «ሞኝ ነህ እንዴ፣ ፖሊስን ስለ መሣሪያ ጠይቀህ ሚስጥር ነው ሳይልህ?» እያለ ነው። ልክ ነህ፣ ሊልህ ይችላል። አዋጁም መከላከያና ደኅንነትን፣ የወንጀል ምርመራን፣ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥልን ነገር፣ የግል መረጃን ከልክሏል። ትክክልም ነው። ማን ቤት ምን መሣሪያ እንዳለ ለጠየቀ ሁሉ ቢነገር ሌባው ነው መጀመሪያ ተሰልፎ የሚጠይቀው። ግን ያው አዋጅ መረጃውን ማወቁ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ከጉዳቱ ጋር ይመዘን ይላል። ስለዚህ «ሚስጥር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን በር መዝጊያ አይደለም። የትኛው አንቀጽ? ለምን? በወረቀት ይጻፍልኝ! የምንለው እዚህ ላይ ነው።

ብልሃቱ አጠያየቁ ላይ ነው። «መንግሥት ለምን እኛን ብቻ ያስፈታል?» ብላችሁ ብትጽፉ መረጃ አልጠየቃችሁም፣ ተጣላችሁ። መልስም የለውም። እንዲህ ብትጽፉስ? ከ2013 እስከ ባለፈው ዓመት በድሬዳዋ ስንት መሣሪያ ተያዘ፣ በዓመትና በዓይነት ተለይቶ። ከዚያ ውስጥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለባለቤቱ የተመለሰው ስንት ነው፣ የተወገደው ስንት፣ ለሌላ የመንግሥት አካል የተላለፈው ስንት፣ አሁን በእጅ ያለው ስንት። ሂሳብ ነው እንግዲህ። የገባው ከወጣውና ካለው ጋር እኩል መምጣት አለበት። እኩል ካልመጣ ጥያቄው ለእኛ ሳይሆን ለመዝገብ ያዡ ነው። ሌላም አለ። ስንት ሰው ፈቃድ ጠየቀ፣ ስንቱ አገኘ፣ የተከለከለውስ በምን ምክንያት? መሣሪያ ያስረከበ ሰው የሚሰጠው ደረሰኝ ቅጹ ምን ይመስላል? እሱን ባዶውን ቅጂ ስጡን። ይህ ሁሉ የማንንም ስም አይነካም፣ የየትኛውንም መጋዘን አድራሻ አያወጣም።

ደረሰኙን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። እንበል አንድ አባት ጠመንጃውን አስረክቦ በደብተር ቅዳጅ ላይ ፊርማ ተሰጠው። የፈረመው ኃላፊ ተዛወረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፈቃድ አግኝቶ «መሣሪያዬን» ቢል ማን ያውቀዋል? ጭራሽ ያ ጠመንጃ የሆነ ቦታ ሰው ገድሎ ቢገኝ፣ የመሣሪያው ቁጥር የሚመራው ወደ ማን ቤት ነው? ወደ አባትየው! ለእሱ ያች ወረቀት የነፃነት ጉዳይ ናት።

ይህ የተጋነነ የመሰለው ደቡብ አፍሪካን ይይ። እዚያ ከሕዝብ የተሰበሰበና እንዲወገድ ፖሊስ ዘንድ የተቀመጠ መሣሪያ ነበር። አንድ የፖሊስ ኮሎኔል ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ አውጥቶ ለወንበዴ ቡድኖች እንደሸጠ አመነ፤ በፈረንጆቹ 2016 ዓ.ም 18 ዓመት ተፈረደበት። ሰላም ይወርዳል ብሎ ሕዝቡ ያስረከበው መሣሪያ ተመልሶ የሕዝቡን ልጆች ገደለ። የጠፋው አዋጅ አልነበረም፣ መጋዘኑን የሚቆጥር ዓይን ነው የጠፋው።

የካናዳው ደግሞ ከእኛ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ካናዳ የረጅም ጠመንጃ መዝገብ ነበራት። ሲጀመር ለግብር ከፋዩ ወጪው ጥቂት ሚሊዮን ነው ተባለ፤ በፈረንጆቹ 2002 ዋና ኦዲተሯ ወጪው ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር እየተጠጋ መሆኑን አወጣች። ከአሥር ዓመት በኋላ መንግሥት መዝገቡ ይጥፋ ብሎ ሕግ አወጣ። አንድ ዜጋ ግን ከመጥፋቱ በፊት ቅጂው ይሰጠኝ ብሎ በመረጃ ሕጉ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ፖሊስ መዝገቡን አጠፋ። የመረጃ ኮሚሽነሯ መርምራ ድርጊቱ የመረጃ ሕጉን የሚጥስ ነው ስትል፣ መንግሥት በ2015 ሕጉን ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ አድርጎ አሻሻለው። ካናዳ ነው እንግዲህ የምላችሁ! የአንድ ሰው አንድ ገጽ ማመልከቻ መንግሥትን ሕግ እስከ መቀየር አስሮጠ። ሰውየው ቅጂውን በጊዜው ባያገኝም የተደረገው ሁሉ ለዘላለም ተመዝግቦ ቀረ። የማመልከቻው ቀን አለ፣ መዝገቡ የጠፋበት ቀን አለ፤ የትኛው እንደሚቀድም ማንም ያነባል።

ለዚህ ነው ሦስት ነገር የምለምናችሁ። ማመልከቻችሁን መዝገብ ቤት አስገቡና በቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። በቃል የተባላችሁን «ነገ ተመለሱ» ሁሉ በማስታወሻ ያዙ። ሁለተኛ፣ የፈረመላችሁን ወይም የመለሳችሁን ሠራተኛ ፎቶ አንስታችሁ ገጽ ላይ አትለጥፉ። እሱም የእናንተው ጎረቤት ነው፣ ብዙ ጊዜም ትእዛዝ የሚጠብቅ ምስኪን ነው። ክርክራችን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። ቁጥሩ ሲመጣ ምን ታደርጉበታላችሁ? «ከዚህ ቀበሌ ይህን ያህል ተገኘ» የሚለውን ቆርጦ «እነዚያ ታጥቀው ሊፈጁን ነው» ብሎ የሚለጥፍ አይጠፋም። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፣ ከላይ ሲዘንብ እታች ያለው ሰው ሰማዩ ጠርቶ ጎርፍ ይወስደዋል። በሐምሌ 1998 ከ200 በላይ ሰው እንዲያ ነው በአንድ ሌሊት ያለቀው። ሰነድ ከመጣ ሙሉውን ነው የምንለጥፈው፣ ከነማኅተሙ፣ ለእኛ የማይመቸው ገጽም ሳይቀር። የጠበቅነውን ሳይሆን ተቃራኒውን ቢነግረን፣ ለምሳሌ ማስፈታቱ በሁሉም ላይ እኩል ነበር ቢል፣ ያንንም እንለጥፋለን። ያን የማይችል ሰው ከአሁኑ ከደብዳቤው ላይ ስሙን ያውጣ።

ረቂቁ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። አንዱ ለፌዴራል ፖሊስ፣ አንዱ ለድሬዳዋ ፖሊስ፣ አንዱ ድሬዳዋ ላለው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ነው። በየመቆጣጠሪያ ኬላው የሚያዘው መሣሪያ በጉምሩክ እጅም ስለሚያልፍ ሁለቱ ቁጥሮች ይተያያሉ። ደብዳቤው በሙሉ ስማችን ነው የሚገባው፣ በፌስቡክ ስም አይደለም። አማርኛው ያልጣማችሁ አርሙት፤ በሶማልኛና በኦሮምኛ የሚጽፍልን ደግሞ አሁኑኑ እጁን ያውጣ፣ ከዚያ ወደ ጥያቄ እንሄዳለን።