በደፍ ላይ የቆመ ውሻ፦ ዳክስሁንድን በቤት ውስጥ ስለ ማሳደግና ስለ ሰሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከመካከላችሁ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም የሆነ የጀርመን ውሻ ከደባርቅ ብርድ ጋር ምን አገናኘው? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን ለመጨረሻው አቆየዋለሁ፤ ለጊዜው ግን ይህ ውሻ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑን ላስታውሳችሁ። በ1972 እ.ኤ.አ. የሙኒክ ኦሊምፒክ መለያ ምልክት «ቫልዲ» የተባለ ባለ ብዙ ቀለም ዳክስሁንድ ነበር። የዚያ ዓመት የማራቶን መንገድ በካርታ ላይ ሲታይ የዚሁ ውሻ ቅርጽ እንዲወጣው ተደርጎ ተዘጋጀ። ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው ያንን የውሻ ቅርጽ በሩጫ ዞሮ ነው።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያ ስለ ውሻው አካልና ጠባይ፣ ቀጥሎ ከቤት ሰው ጋር እንዲኖር ስለ ማስለመድ፣ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ከበራችን ማዶ ላለው ተራራ ምን ትርጉም እንዳለው እናገራለሁ።

የአካሉና የጠባዩ ነገር

በጀርመንኛ «ዳክስ» ጉድጓድ እየቆፈረ የሚኖር የአውሮፓ አውሬ ስም ነው፤ «ሁንድ» ደግሞ ውሻ ማለት ነው። ይህ ዘር የተመረጠው ያንን አውሬ ተከትሎ ከመሬት በታች እንዲገባ፣ እዚያም ብቻውን ሆኖ እንዲፋለም ነው። ከመሬት በታች ጌታው ሊያዝዘው አይችልም። ስለዚህ በራሱ የሚወስን፣ በቀላሉ የማይመለስ፣ ድምፁም ከጉድጓድ ውስጥ ሳይቀር የሚሰማ ውሻ ሆነ። ዛሬ በሳሎን ውስጥ «እልኸኛ ነው፣ ይጮኻል፣ ምንጣፍ ይቆፍራል» ተብሎ የሚከሰሰው ትናንት በተመረጠበት ሙያው ነው።

የእግሩ ማጠር የዘረ መል ለውጥ ውጤት ነው። የአጥንትን እድገት ከሚቆጣጠሩት ዘረ መሎች የአንዱ ተጨማሪ ቅጂ የእግሩን ረጃጅም አጥንቶች ያሳጥራቸዋል። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ለውጥ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉትን ለስላሳ ዲስኮች ገና በወጣትነቱ ያደርቃቸዋል። በዚህም የተነሣ ከአራት ወይም ከአምስት ዳክስሁንዶች አንዱ በዕድሜው ዘመን የዲስክ ሕመም ያገኘዋል፤ አንዳንዱም የኋላ እግሮቹን መጠቀም ያቅተዋል። ባለቤቱ ሊያደርግ የሚችለው ውፍረትን መከላከል፣ ከአልጋና ከወንበር እንዳይዘል ማድረግ፣ ሲያነሣውም አንድ እጁን ከደረቱ ሥር፣ ሌላውን ከዳሌው ሥር አድርጎ ጀርባውን ሳያጎብጥ መያዝ ነው።

ከግቢ ወደ ቤት

በአገራችን ውሻ ቦታው የታወቀ ነው፤ ግቢ፣ በረት፣ የአጥር ጥግ። ደፍ አይሻገርም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር መግባቱማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ይህን ልማድ በንቀት የምንመለከተው አይደለም፤ የንጽሕናና የጤና ጥበብ አለበት። በጎችን ከጅብና ከነብር የሚጠብቀው «መቻል» ውጭ ማደሩ ሥራው ነው። በሌላ በኩል በቤት ውስጥ የሚያድግ ውሻ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለች ትንሽ የቺዋዋ ውሻ ነበረቻቸው፤ ከእርሳቸው ጋር በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ትታያለች። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር «ቡቺ» እየተባሉ የሚጠሩ ትንንሽ ውሾች በኮንዶሚኒየም ሳይቀር ይኖራሉ። ደፉ ተሻግሯል ማለት ነው። ጥያቄው አሁን «ይግባ ወይስ አይግባ» አይደለም፤ «ከገባ በኋላ በምን ሥርዓት ይኑር» የሚል ነው።

ቡችላ ንጽሕናን ፈጽሞ ሳያውቅ አይወለድም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እናቱ እየላሰች ታሸናዋለች፤ ቆሻሻውንም ታነሣለች። እግሩ ሲጠና ከሚተኛበት ርቆ መጸዳዳት ይጀምራል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው እግሩ የለመደውን ዓይነት መሬት መምረጥ ይይዛል። አሳዳጊው ይህን ዝንባሌ የሚመራ እንጂ ከባዶ የሚፈጥር አይደለም። በዚሁ ዕድሜ፣ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ፣ የሰውን ድምፅ፣ የሕፃንን ሩጫ፣ የእንግዳን ጠረን ሳይፈራ ይለምዳል። ያ ጊዜ በቁራኛ ታስሮ ካለፈ በኋላ መመለሱ አድካሚ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሳያቋርጡ መፈጸሙ ነው። ቡችላው ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ እንደበላ፣ ተጫውቶም እንደጨረሰ ወዲያው ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ይወሰዳል። የሁለት ወር ቡችላ በቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲታገሥ መጠበቅ የለብንም፤ ሌሊትም አንዴ ወይም ሁለቴ መነሣት ግድ ነው። በተወሰነለት ቦታ ሲጸዳዳ በዚያችው ቅጽበት ይመሰገናል፤ ቁራሽ ነገር ይሰጠዋል። ወደ ቤት ተመልሶ ከገባ በኋላ የሚሰጠው ሽልማት ስለ መግባቱ የተሰጠው ይመስለዋል።

ስለ ቅጣት አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። አፍንጫውን በሽንቱ ላይ ማሸት፣ በጫማ መምታት፣ መጮኽ ንጽሕናን አያስተምርም። ቡችላው የሚማረው «ሰው ባለበት መሽናት አደጋ ነው» የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ይደበቃል፤ ወደ ውጭ ሲወጣም በፊታችሁ አይሸናም። ጥፋተኛ መስሎ የሚታየን አቀርቅሮ መቆሙም ከፍርሃት የመጣ ነው። ሽንቱ ያረፈበት ቦታ በጨርቅ ተመጥጦ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ በውኃ የቀጠነ አቼቶም ጠረኑን ለመቀነስ ይረዳል። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለሳንባ መጥፎ የሆነ ጋዝ ይፈጥራልና በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

ዳክስሁንድን ማስለመድ ከሌሎች ውሾች እንደሚዘገይ አሳዳጊዎቹ ደጋግመው ይናገራሉ። አንዱ ምክንያት አካሉ ነው። ሆዱ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ እርጥብ ሣር በነካው ቁጥር ይሸሻል። ባሕር ጠለል ላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በደባርቅ፣ በሐምሌ ጭጋግ፣ ይህ እንዴት እንደሚብስ ገምቱ። መፍትሔው ዝናብ በማይደርስበት የጣሪያ ጠርዝ ሥር አፈር የተሞላ ዝቅተኛ ሣጥን ማኖር፣ ሲቀዘቅዝም ከሰው ጋር እንዲወጣ ማድረግ ነው። ጨለማ ሲሆን ብቻውን አይለቀቅ፤ ጅብ ለእንዲህ ያለ ውሻ አይመለስም።

ስለ ምግቡ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የወጥ ትራፊ ለውሻ አይስማማም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቹን እየሰበሩ ደም ያሳንሱታል። በዐቢይ ጾም ወቅትም የቤቱ ሰው ቢጾም ውሻው ፕሮቲን የሚያገኝበት መንገድ ሊታሰብ ይገባል። ሁለተኛው በበዓል ዕርድ ጊዜ ነው። የውኃ ከረጢት ያለበት ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ ሲጣል ጥገኛ ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉም ከውሻው እዳሪ ወደ ሰው ተመልሶ በጉበትና በሳንባ ላይ ከረጢት ይሠራል። እንዲህ ያለው ሥጋ ይቃጠል ወይም ጠልቆ ይቀበር።

ከበራችን ማዶ

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ይህ ሁሉ ለደባርቅ ምን ይጠቅማል?

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ የምፈራው ጅቡን አይደለም፤ በዐይን የማይታየውን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል ተብሎ ይገመታል። ለሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ ነው፤ ከሟቾቹም ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን መዳን አለ፦ ቁስሉን ሳይዘገዩ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመርና መጨረስ። በአንድ አካባቢ ከሚኖሩት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ይህ ሰንሰለት በሰው ላይ ብቻ አያበቃም። ከደባርቅ ተነሥተን ሽቅብ ስንሄድ ሳንቃ በር እንደርሳለን። ከስሙ ውስጥ በር አለ፤ ከእርሱ በላይ ወደ ጊች፣ ወደ ጨነቅና ወደ ቧሂት ያለው ደጋ የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። ይህ እንስሳ በሳይንስ ስሙ «ካኒስ ሲሜንሲስ» ይባላል፤ ለዓለም የታወቀው በእኛው ተራሮች ስም ነው። በምድር ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው፣ በሰሜን ተራሮች የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

በባሌ የሆነውን እናውቃለን። በ1991–92፣ በ2003–04፣ በ2008–09 እና በ2014 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተሻግሯል። በ2003–04 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ ቫይረስ ተከትሏል። በዚያው ሸለቆ ቀበሮና የቤት ውሻ ተዳቅለው የተገኙበትም ጊዜ አለ። በባሌ ቀበሮው እንደገና የበዛው ሕዝቡ ብዙ ስለ ነበር ነው። ጥቂት ቀበሮዎች ብቻ ባሉበት ተራራ ግን አንድ ወረርሽኝ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቷል። ያን ያህል የተደከመበትን ነገር አንድ ያልተከተበ ውሻ በአንድ ክረምት ሊያፈርሰው መቻሉ ነው ዛሬ ከፊታችሁ ያቆመኝ።

እንግዲህ ስለ ዳክስሁንድ ስናገር የቆየሁበት ምክንያት ይህ ነው። አንድን ቡችላ በቤት ውስጥ ለማሳደግ የተነሣ ቤተሰብ ሳያውቀው ብዙ ነገር ይማራል። ውሻው ሲያስል፣ ምግብ ሲተው፣ ጠባዩ ሲለወጥ በዚያው ቀን ያስተውላል። የት እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደተናከሰ ያውቃል። በሦስት ወሩ የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትበዋል፤ በዓመቱም ይደግመዋል። ያልተፈለጉ ቡችላዎችን ወልዶ በመንገድ አይጥልም። ለአጭር እግሩ ውሻ የምናደርገውን ይህን ትኩረት በግቢያችን ላለው «መቻል» ብናደርግለት ኖሮ ብዙ ልጅ፣ ብዙ ቀበሮም ይተርፍ ነበር።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ለሰው ያልበቃውን ትኩረትና ገንዘብ ለውሻ ማዋል ቅንጦት አይደለምን? ክብደቱ አይካድም። ሆኖም ለውሻው የሚሰጠው ክትባት ከተነከሰው ሕፃን ሕክምና በእጅጉ ይረክሳል። በውሻው ላይ የምናወጣው ለልጁ የምናወጣው ነው።

ምክሬም እንግዲህ ይህ ነው። ዳክስሁንድ ከሩቅ አገር አስመጡ አልላችሁም፤ ጀርባው ለድንጋያማ መንገዳችን፣ የቁፋሮ ፍቅሩም ቀበሮው አይጥ ለሚያድንበት መስክ አይስማማም። ያለው ካለ በቤቱና በግቢው ይያዘው፤ ወደ ተራራው አብሮት አይውጣ። የሌለው ደግሞ ከጎረቤቱ ቡችላ ይውሰድ። የሀገራችን ቡችላ በጠቀስኩት ሥርዓት ደፉን ማክበር ይማራል፤ ብርዳችንንም ይችላል። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቻችን ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በየቀበሌያችሁ ስንት ውሻ እንዳለና ስንቱ እንደተከተበ በመቁጠር ጀምሩ። ያንን ቁጥር ሳናውቅ 70 በመቶ ደረስን አልደረስን ማለት አይቻለንም።