ነርስ መሆን የሚፈልጉ ልጆቻችንን በምን አቅም እናስተምር?

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው። ልጅ «ነርስ ልሁን» ሲለን ደስ ይለናል፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናችን ወደ በሬው ይሄዳል። ከመካከላችን አንድ ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ዕቁብ ለምኖ ወስዶ ሴት ልጁን ከአንድ የግል ኮሌጅ አስገባ። ሁለት ዓመት ከተከፈለ በኋላ ኮሌጁ ለነርስነት ትምህርት የዕውቅና ፈቃድ እንደሌለው ታወቀ። በሬውም ሄደ፣ ዓመቱም ሄደ። ልጅቱ ዛሬ እዚሁ አብራን ተቀምጣለች፤ ይህ እንዲነገር የፈቀደችውም እሷው ናት።

ስለዚህ ሳንከፍል እንጠይቅ። ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ለየትምህርቱ ዓይነትና ለየቅርንጫፉ ለብቻው ነው። «ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፋችን ፈቃድ አለው» ቢሉን ለእኛ ምን ይረባናል? ለዲግሪ የሚጠየቀው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይተን ብቻ አንመለስ፤ ቀኑ ያለፈበት ሊሆን ይችላል።

አቅምን በተመለከተ፣ ውጤቱ ለሚያበቃው ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን የሚያህል የለም። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነርስነትን በዲግሪ ያስተምራል፤ 4 ዓመት ይፈጃል። በወጪ መጋራት ውል የተማረ ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ ከደመወዙ ነው። ዕዳ ነው፣ ግን በሬ አያሸጥም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለና ልጆች፣ ገባን ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ ያልበቃስ? ደብረ ማርቆስ የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። በደረጃ ሠልጥኖ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ፣ ጤና ጣቢያ እየሠራ ቆይቶ ዲግሪውን መቀጠል ይቻላል። መንገዱ ይረዝማል እንጂ ደመወዝ እየበሉ የሚሄዱበት ነው። ይህን እንደ ውርደት የምናይ ወላጆች መኖራችን ያሳዝናል።

ባለፈው ስብሰባ «ነርስ መርምሮ መድኃኒት ያዛል ወይ?» ተብሎ ነበር። አሜሪካን አገር ተጨማሪ ተምሮ ይህን የሚሠራ ነርስ አለ፤ በ1957 ዓ.ም. ኮሎራዶ ላይ የተጀመረ ነው። በእኛ ጤና ጣቢያዎች ይህ በአብዛኛው የጤና መኮንን ሥራ ሲሆን፣ ሥልጠናውም በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ተጀምሯል። ምኞቱ መመርመር የሆነ ልጅ ምርጫ ሲሞላ ይህንንም ያስብ።

የግል ኮሌጅ ልትከፍሉ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የኮሌጁን ስምና ቅርንጫፉን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ ደውለን እናጣራለን።